የቆየ የአጥንት ኢንፌክሽንና የጉልበት ሕመም

እህቴ፣ አባትሽ በልጅነታቸው የታፋ አጥንታቸው መርቅዞ እንደነበር፣ አሁን ደግሞ የዚያው እግር ጉልበት እያበጠ እንዳስቸገራቸው ጽፈሽ «ሁለቱ ይገናኛሉ ወይ?» ብለሻል። በደንብ ሊገናኙ ይችላሉ። እኔም ያው ነኝ፤ ኮዬ ፈጬ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ እየኖርኩ ጉልበቴን በደረጃው አውቀዋለሁ።

1. ጉልበትን ብቻ በሚያሳይ ራጅ አትመለሱ። ቆመው፣ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ይነሱ። በእድገት ዘመን የመረቀዘ አጥንት ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል። ያን ጊዜ ክብደቱ በጉልበቱ አንድ ጎን ላይ እየወደቀ ልም አጥንቱን ይጨርሰዋል፤ ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሉት ይኸው ነው። መግሉ ያኔ ወደ መገጣጠሚያው ገብቶ ከነበረማ ጉዳቱ የጀመረው ያኔ ነው። የእኔን ጉልበት ለብቻው አይተው «ክብደት ይቀንሱ» ያሉኝ ነበሩ። ከሲታ ነኝ!

2. መርፌ። አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ ስቴሮይድ (እብጠትና ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት) ስቦ ጉልበቴን ሊወጋ ሲል ሱሪዬን ሰብስቤ የታፋዬን ጠባሳ አሳየሁት። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ። እስከዚያ ድረስ ስለ ድሮ ሕመሜ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም የተደበቀ ኢንፌክሽን ካለ ያባብሳል። መርፌውን አስቀምጦ ኢኤስአርና ሲአርፒ የሚባሉ፣ በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁሙ የደም ምርመራዎች አዘዘልኝ። የመርፌውን ገንዘብ ግን እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም። ጉልበት በሰው ሠራሽ ይቀየር ቢባልም ቅድሚያ ኢንፌክሽን አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት።

3. የድሮ ወረቀት ፈልጉ። በልጅነቴ ቀዶ ሕክምና ወደ ተደረገልኝ ሆስፒታል ሄጄ ነበር፤ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «የዚያን ዘመን ካርድ ማን ያስቀምጣል?» አለችኝ። እናቴ አስቀምጣለች! የሞተው አጥንት ተጠርጎ መውጣቱን የሚናገረው ወረቀት ሳጥኗ ውስጥ ተገኘ። የሞተ አጥንት ደም ስለማይደርሰው መድኃኒትም አይደርሰውም፤ ከቀረ ከስንት ዓመት በኋላ ይነሳል። የአጥንት ስፔሻሊስቱ ከራጁ ይልቅ በዚያ ወረቀት ተደሰተ።

ከዚያ በኋላ የረዳኝ ቀላል ነገር ነው። የእግሮቼ የርዝመት ልዩነት ተለክቶ ጫማ ሰፊው በአጭሩ እግሬ ጫማ ላይ ሶል ጨመረልኝ፤ ምርኩዜንም በጤነኛው እግር በኩል እይዛለሁ።

አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ከጠባሳቸው አሁንም የሚፈስ ነገር አለ? ካለ የጉልበቱን መርፌ ተዉትና መጀመሪያ አጥንቱ ይታይ። ትኩሳት ካላቸው ወይም እብጠቱ ድንገተኛ ከሆነ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ውሰጃቸው።