«ጥሩነሽ» ውስጥ ያለችው «ነሽ» ምን ትሠራለች?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ ነው። ልጃችንን በአያቷ ስም ጥሩነሽ ብለናታል። ትምህርት ቤት የስሟን ትርጉም ሲጠይቋት «ጥሩ» ብላ ትመልሳለች። «ነሽስ?» ሲሏት ግን ዝም ነው። ምን ትበላቸው? ደግሞስ ስሙ የሚጻፈው በአንድ ቃል ነው በሁለት?

መልስ፦ ልጅዎ ግማሹን አግኝታዋለች። ግን «ጥሩ» ራሱ ከምናስበው በላይ ውስጠ ጥልቅ ቃል ነው።

የመጣው «ጠራ» ከሚለው ግስ ነው። ስም ከምንጠራበት ጋር አይምታታብዎ። ይሄኛው ሰማዩ ጠራ፣ ውሃው ጠራ የምንለው ነው። ስለዚህ «ጥሩ» ማለት ንጹሕ፣ ዝቃጭ የሌለው፣ ባዕድ ነገር ያልገባበት ማለት ነው። ኦሪት ዘፀአት ላይ ታቦቱ «በጥሩ ወርቅ» ተለበጠ ሲባል፣ ምንም ያልተቀላቀለበት ወርቅ መሆኑ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት፣ የልዑል ዓለማየሁ እናት፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ ስምም ይኸው ነው። ዛሬ ጥሩ ምሳ፣ ጥሩ ስልክ እያልን ቃሉን አቀለልነው። እኔን በጣም ይቆጨኛል። የልጅዎ ስም ግን የድሮውን ክብር እንደያዘ ነው።

«ነሽ» ደግሞ ማሰሪያ አንቀጽ ናት። ስሙን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ታደርገዋለች፤ ለዚያውም ፊት ለፊት የሚነገር። አንድ ሰው ሕፃኗን አቅፎ፣ ዐይን ዐይኗን እያየ፣ «ጥሩ ነሽ» አላት። ስሟ ሆኖ ቀረ። ወንድ ቢሆን ጥሩነህ ይባል ነበር። ስለ እሷ ስናወራ ግን «ጥሩነሽ መጣች» እንጂ «መጣሽ» አንልም። በስሙ ውስጥ «አንቺ» ናት፣ ከስሙ ውጭ «እሷ»።

ሁሉም ስም እንዲህ አያነጋግርም። ተዋበች፣ በለጠች ስንል ስለ ልጅቷ እያወራን ነው። አንዳንዴም ወላጅ ስለ ራሱ ይናገራል። የበቆጂዎቹን ሯጮች፣ የዲባባን ልጆች ይመልከቱ። በ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ ብር ያገኘችው እጅጋየሁ፣ «እጅግ አየሁ» የሚል የወላጅ ድምፅ ናት። በ2008 ቤጂንግ ላይ በ5,000ም በ10,000ም ወርቅ የወሰደችው ጥሩነሽ፣ ልጅቷን ራሷን ታናግራለች። ገንዘቤስ? ብር ብቻ አይምሰልዎ። ዕውቀትን ገንዘብ ማድረግ እንደምንለው፣ «የራሴ የምላት» ማለትም ነው። አንድ ቤት፣ ሦስት እኅትማማች፣ ሦስት ዓይነት ሰዋስው!

ስለዚህ ልጅዎ ሲጠይቋት «አንቺ እንደ ወርቅ የጠራሽ ነሽ ማለት ነው» ትበላቸው።

አጻጻፉ በአንድ ቃል ነው። ለያይተው ከጻፉት ስም መሆኑ ቀርቶ ተራ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። እዚያ አገር ደግሞ «ነሽ»ን የአባት ስም አድርገው ሊመዘግቡባት ይችላሉ። ቤት ውስጥ ሲያቆላምጧት ግን «ጥሩዬ» ማለት ይችላሉ፤ ያኔ «ነሽ» ብትቀር ምንም አይደል።