መልስ፦ በሁለቱ የፑል ፊልሞች ጨዋታው ለምን አይመሳሰልም?

ወንድም፣ ግራ ያጋባህ ሁለቱ ፊልሞች የሚያሳዩት የተለያየ ጨዋታ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው «ዘ ሀስለር» ተጫዋቾቹ ኤዲ እና ሚኒሶታ ፋትስ የሚጋጠሙት ስትሬት ፑል በሚባለው ጨዋታ ነው። የገባ ኳስ ሁሉ 1 ነጥብ ነው፤ ግን የትኛውን ኳስ በየትኛው ቀዳዳ እንደምታስገባ አስቀድመህ መናገር አለብህ። ከ15ቱ ኳሶች 14ቱ ሲገቡ አንዷ ባለችበት ትቆያለች፣ 14ቱ የሶስት ማዕዘኑ ድርድር የፊተኛው ጫፍ ባዶ ሆኖ እንደገና ይደረደራሉ። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የቀረችውን ስታስገባ የምትመታት ነጯ ኳስ በዚያው ምት ድርድሩን መበተን አለባት። ድርድሩ ላይ ተለጥፋ ከቀረች ግን ብዙውን ጊዜ ኳስ የምታስገባበት ቀጣይ ምት አታገኝም።

የ1986ቱ «ዘ ከለር ኦፍ መኒ» የሚያሳየው ናይን ቦልን ነው፦ ሁልጊዜ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ትንሹን ቁጥር የያዘውን ኳስ መንካት ግድ ነው፣ 9ን ያስገባ ያሸንፋል፤ በመክፈቻው ምት ብትገባም እንኳ። ዙሩ አጭር ስለሆነ ውርርዱ ቶሎ ቶሎ ይታደሳል፣ አውቆ የተሸነፈም በዕድል ያሳብባል። ችሎታውን ደብቆ ለገንዘብ ለሚጫወት አጭበርባሪ ከዚህ የተመቸ የለም!

በ«ዘ ሀስለር» ምቶቹን በእውነት ማን መታቸው ላልከው፣ ሚኒሶታ ፋትስን ሆኖ የተወነው ጃኪ ግሊሰን ጎበዝ ተጫዋች ነበር፣ ምቶቹን በአብዛኛው ራሱ ነው የመታው። ኤዲን ሆኖ በተወነው በፖል ኒውማን ከባድ ምቶች ላይ ግን የምታያቸው እጆች የፑል ሻምፒዮኑ የዊሊ ሞስኮኒ ናቸው።