ባሌስትራው ነው የከዳህ

የአንባቢያችን ችግር ባጭሩ ይህ ነው። የብሎኬት ማሽኑን ሻጋታ አሸዋ ቶሎ እየበላ አስቸገረው። ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ የውስጥ ሳህኖች ቆረጠ። ፊታቸው እንዲጠነክር ሣጥን ውስጥ በቦሮን ዱቄት አሽጎ 900 ዲግሪ ላይ 6 ሰዓት አቆያቸው። ከዚያ አግሎ ዘይት ውስጥ ነከራቸው። ሞረድ እንኳ አልነካቸውም። በሳምንቱ ግን ፊታቸው እንደ እንቁላል ቅርፊት ረገፈ። «ዱቄቱ ፎርጅድ ይሆን?» ይላል።

ወንድሜ፣ ዱቄቱን አትማው። ሞረድ ካልነካው ሥራውን ሠርቷል። እኔ የምጠረጥረው ባሌስትራውን ነው። አንዳንዱ ባሌስትራ ሲሊከን የበዛበት ነው፤ ከ1.5 እስከ 2 ከመቶ ያለው አለ። ቦሮን ከብረት ጋር ተዋህዶ ጠንካራውን ሽፋን ሲሠራ ለሲሊከን ቦታ አይሰጠውም። ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሲሊከኑ ከሽፋኑ ሥር ይከማቻል፤ ያ ቦታ ደግሞ ዘይት ውስጥ ብትነክረውም አይጠነክርም። ጠጠር ሲጫነው ሥሩ ይሰረጉዳል፣ ቅርፊቱ ይሰበራል። እንቁላል ማለትህ ልክ ነው፤ በሙያውም የሚመስሉት በዚያው ነው።

የረገፈበትን ቦታ በሞረድ ፋቀው። መጀመሪያ በቀላሉ ተበልቶ ትንሽ ዝቅ ስትል ከከበደህ ነገሩ ሲሊከን ነው። እስከ ታች ከለሰለሰ ግን ጥፋቱ አነካከርህ ላይ ነው።

6 ሰዓቱም በዝቷል። ሽፋኑ ሲወፍር ከላይ ቦሮን የበዛበት፣ ይበልጥ ተሰባሪ የሆነ ሁለተኛ ንብርብር ይፈጠራል። ሁለቱ ሲቀዘቅዙ እኩል አይኮማተሩም፤ መሃላቸው ይሰነጠቃል። 4 ሰዓት ይበቃሃል።

ለሚቀጥለው 4140 የሚባለውን ብረት ግዛ። ሲሊከኑ ከ0.4 ከመቶ አያልፍም። ሻጩን የብረቱን ወረቀት ጠይቀው፤ «ጥሩ ብረት ነው» የሚለውን እኔም ሠላሳ ጊዜ ሰምቻለሁ። ከቦሮኑ በኋላ ባገለገለው ዱቄት ሸፍነህ 850 ዲግሪ አግለውና ዘይት ውስጥ ንከረው። ውኃ አታስበው፣ ሽፋኑን ይሰነጥቀዋል። ወዲያው 200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት አቆየው። ልኩን ቀድመህ ጨርስ፤ ኋላ በተራ ድንጋይ ልሞርደው ብትል ድንጋይህን ትጨርሳለህ።

ሣጥኑን ደግሞ በትኩሱ አትክፈት። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ሲግል የሚያወጣው ጢስ ሳንባ ይጎዳል። ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ደጅ አውጥተህ ክፈተው።