ጌም መሃል ድርግም ለሚለው ኮምፒውተር

ወንድሜ፣ 10 ዓመት የሞላው ኮምፒውተርህ ብሮውዘር ላይ ደህና ሆኖ ጌም በተጀመረ በ20 ደቂቃው መብራት እንደሄደ ድርግም ይላል ብለሃል። ሰማያዊ ስክሪን (ዊንዶውስ ሲበላሽ የሚመጣውን የስህተት ገጽ) ካላሳየህ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሙቀቱንና ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ነው።

ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ላይ «ከርነል ፓወር 41» ብታይ አትደንግጥ። በሥርዓት ሳይዘጋ ጠፋ ከማለት በቀር ምክንያቱን አይነግርህም።

ሙቀት የሚያሳየውን ፕሮግራም ኤችደብሊውኢንፎን (HWiNFO) ከፍተህ ጌሙን አስጀምር። ሲፒዩው (ዋናው ፕሮሰሰር) ወደ 100 ዲግሪ ከተጠጋ የኬዙን ጎን ፍታና ፋኑን እይ። እኔ የራሴን ስፈታ ሂትሲንኩ (የሲፒዩው ሙቀት ማስወጫ ብረት) ላይ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ አገኘሁት! በብሩሽ አጽዳው፤ በአየር ስትነፋው ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣትህ ያዘው። በሲፒዩውና በሂትሲንኩ መሃል የተቀባውን፣ የደረቀውን ተርማል ፔስትም ቀይር።

ሙቀቱ ደህና ሆኖ ከጠፋ ግን ነገሩ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ያዘነብላል። ግራፊክስ ካርዱ ብዙ ሲስብ ያረጀ ፓወር አይችለውም። ከጓደኛ ተውሰህ ቀይረህ ሞክር እንጂ እሱን ከፍተህ አትነካካ። ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ውስጥ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል።

ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) የሚጠረጠረው ሰማያዊ ስክሪን በየጊዜው በተለያየ ኮድ ሲመጣ ነው። ያኔ ራም የሚፈትነውን ፕሮግራም ሜምቴስት86ን ከፍላሽ አስነስተህ ሲሠራ ይደር።