የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ነጩ ክሪሳንተመም ቢጫ ቅርንጫፍ ሲያወጣ

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎች መርጠናል። ሦስቱም ስለ ክሪሳንተመም ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ ነገር ስለሚያስነሳ መልሱ ረዘም ብሏል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቢሾፍቱ መንገድ ዳር አበባ በፖት እያሳደግሁ እሸጣለሁ። ዘንድሮ አንዱ ነጭ ክሪሳንተመሜ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቢጫ አበባ አወጣ፤ የቀረው ተክል እንዳለ ነጭ ነው። ጎረቤቴ «አዲስ ዝርያ አግኝተሃል፣ በስምህ አስመዝግበው» ይለኛል። እውነት አዲስ ዝርያ ነው? ምን ላድርግ?
ከቢሾፍቱ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ያችን ቅርንጫፍ አትሽጣት። ለሠርግ ቢለምኑህም እንዳትቆርጣት። ያየኸው እውነተኛ ለውጥ ነው፣ በሙያው «ስፖርት» ይሉታል። በክሪሳንተመም ላይ ደግሞ ያጋጥማል። ዛሬ ገበያ ላይ ካሉት ዝርያዎች ብዙዎቹ የተገኙት አንድ ቅርንጫፍ ቀለም ቀይሮ ሲገኝ፣ ንቁ የሆነ ሠራተኛ ዝም ብሎ ስላላለፈው ነው።

ለምን ቢጫ? ነጭ ክሪሳንተመም ቢጫ ቀለም መሥራት ያቃተው ይመስለናል። ቀለሙን ግን ይሠራል። ካሮት ውስጥ ያለው ዓይነት ቀለም፣ ካሮቲኖይድ የሚባለው፣ መልካበባው (ባለቀለሙ የአበባ ቅጠል) ውስጥም ይሠራል፤ ግን እዚያው የሚያፈራርሰው ኢንዛይም አለ። ይህን የጃፓን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ያ ኢንዛይም ሥራውን ካቆመ ቢጫው ሳይፈርስ ይቀራል፣ አበባውም ቢጫ ይሆናል። ከነጭ ወደ ቢጫ መቀየር በዚህ ተክል ላይ የተለመደ የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ካንተ ነጭ ዝርያ ሌላ ሰው ቀድሞህ ቢጫ አውጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሳታጣራ ደስታህን አታብዛው።

አሁን የምትሠራው ይህን ነው። አበባው ሲያልፍ ያንን ቅርንጫፍ ብቻ ከርክመው። ከቅጠሎቹ ብብት የሚወጡት አዳዲስ ቀንበጦች ጣት ሲያህሉ ቁረጥና ሥር አስይዛቸው። ፖታቸው ላይ ምልክት አድርግ፣ ከነጩ ካቲንግ (ለማራባት ከተቆረጠው ቀንበጥ) ጋር እንዳይቀላቀሉብህ። ሲያብቡ ሁሉም ቢጫ ከሆኑ ከእነሱ ደግሞ ቆርጠህ ሌላ ዙር አሳድግ። በአንድ ዙር አትመን፤ ምክንያቱም ለውጡ የላይኛውን የሴል ንጣፍ ብቻ ይዞ ውስጡ እንደ ድሮው ነጭ ሆኖ ሊቀር ይችላል። መሃላቸው ነጭ ወይም ዝንጉርጉር ካበበ ሳትራራ አውጣው።

ቢጫው ከጸና በኋላ ነው «አዲስ ነው ወይ» የሚባለው። ዓለም አቀፉ የዕፅዋት ዝርያዎች ጥበቃ ስምምነት፣ ዩፖቭ የሚባለው፣ የሚጠይቀው ቁርጥ ያለ ነው። ዝርያው ከሚታወቁት ሁሉ በግልጽ መለየት አለበት። ተክሎቹ እርስ በርሳቸው አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ሲራባ ሲራባም ባሕርይው መለወጥ የለበትም። ከዚህ ሌላ በአገር ውስጥ መሸጥ ከጀመርክ ከ1 ዓመት በላይ ካለፈ፣ ውጭ አገር ደግሞ ከ4 ዓመት በላይ ካለፈ፣ አዲስነቱ አበቃ ማለት ነው። አትሽጣት ያልኩህ ለዚህም ጭምር ነው።

ብዙ ሰው የሚሰንፈው መግለጫው ላይ ነው። «የሚያምር ደማቅ ቢጫ፣ ትልልቅ አበባ ያለው» ብለህ ብትጽፍ ምንም አልጻፍክም። ያንን ዓረፍተ ነገር የያዘ ሰው ተክልህን ከሌላ መቶ ቢጫ ክሪሳንተመም ለይቶ ማውጣት አይችልም። ለእኔ ዝርያው ያለቀለት አበባው ሲከፈት ሳይሆን፣ አይቶት የማያውቅ ሰው ወረቀቱን ይዞ ከሜዳ ሙሉ አበባ መሃል ሲያገኘው ነው።

እንግዲህ ሜትርና ደብተር ይዘህ ቁጭ በል። ቁመቱን ከአፈሩ እስከ ላይኛው አበባ በሳንቲ ሜትር ጻፍ፤ የአንድ ተክል ሳይሆን የብዙዎቹን። የቅጠሉን ርዝመትና ስፋት፣ ጠርዙ ላይ ያለው ክፍተት ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ ጻፍ። አበባው አንድ ረድፍ ነው ወይስ ድርብርብ? መልካበባው ጠፍጣፋ ነው፣ ጫፉ ማንኪያ ነው ወይስ እንደ ቱቦ ተጠቅልሏል? ወደ ውስጥ ይታጠፋል ወይስ ወደ ውጭ? መሃሉ ላይ ያለው ዓይን ብናኝ ከመልቀቁ በፊት ምን ቀለም ነው? ቀኑ አጭር ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ለማበብ ስንት ሳምንት ይፈጅበታል?

ቀለሙን በግምት አትጻፍ። የለንደኑ ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ የሚያሳትመው የቀለም ካርድ አለ፣ እያንዳንዱ ቀለም ቁጥርና ፊደል አለው፣ መሃሉም ላይ ቀዳዳ አለው። አዲስ የተከፈተ መልካበባ ትነጥልና በቀን ብርሃን፣ ግን ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ፣ ከቀዳዳው ሥር አድርገህ ታመሳስላለህ። የፊቱን ለብቻ፣ የጀርባውን ለብቻ። ካርዱ ውድ ስለሆነ የግብርና ኮሌጅ ወይም የአበባ እርሻ ውስጥ ያለ የምታውቀው ሰው ካለ ለግማሽ ቀን ተዋሰው። የስልክ ፎቶ ግን አይተካውም፤ ስልኩ ራሱ ቀለም ይጨምራል፣ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ ስትለካ ሁለት ጎረቤቶች አጠገቡ ይኑሩ፦ ነጩ እናቱ፣ እና ገበያ ላይ ካሉት በጣም የሚመስለው ቢጫ። በአንድ ቀን የተቆረጡ፣ በአንድ አፈር፣ በአንድ ውሃ፣ በአንድ አግዳሚ ላይ። ያኔ የምታየው ልዩነት የዝርያው ነው። አንዱን ክረምት አንዱን በጋ ብታሳድግ ግን የምትለካው የአየሩን ነው። (ሮዝና ወይን ጠጅ ለሆኑት ይህ ይብሳል፤ በሙቀት ይገረጣሉ፣ በብርድ ይደምቃሉ።)

ስለ ማስመዝገቡ ባጭሩ። እኛ አገር የዕፅዋት አዳቃዮችን መብት የሚመለከት አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 1068/2010 ነው፤ ጎረቤትህን ከመስማት እሱን አንብበህ በግብርና በኩል የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቅ። በዩፖቭ የ1991 እ.ኤ.አ. ስምምነት ለክሪሳንተመም ዓይነት ተክል ጥበቃው ቢያንስ 20 ዓመት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል። ነጩ ዝርያ የሌላ ድርጅት ጥበቃ ያለበት ከሆነ፣ ከእሱ በስፖርት የወጣውን ቢጫ ብታስመዘግበው እንኳ ለመሸጥ የባለቤቱ ፈቃድ ሊያስፈልግህ ይችላል፤ ስምምነቱ ከሌላ ዝርያ በመሠረቱ የተገኘ ብሎ ያየዋል። ስለዚህ ነጩን መጀመሪያ ከየት እንዳመጣኸው፣ ስሙ ምን እንደሆነ አጣራ። ስሙን ካላወቅክ ካመጣህበት ቦታ ተመልሰህ ጠይቅ፣ የሥራህ ግማሽ እዚያ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ እዚህ ሜሪላንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሰማያዊ ክሪሳንተመም አየሁ። ለልጄ ምርቃት ልገዛ ነበር፣ ግን የተፈጥሮ ነው አይደለም ብዬ ተጠራጠርኩ። እንዲህ ያለ ዝርያ አለ?
እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እሜቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ሱቅ ያዩት ነጭ አበባ ሆኖ ቀለም የጠጣ መሆኑ አያጠራጥርም። ግንዱ የተቆረጠበትን ቦታና የመልካበባውን ጠርዝ ይመልከቱ፣ ቀለሙ እዚያ ይጠራቀማል። ክሪሳንተመም በራሱ ሰማያዊ የሚያወጣ ጂን የለውም፤ በማዳቀል ብቻም አልተገኘም። በ2017 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ከሌሎች ሁለት ሰማያዊ አበቦች ጂን ወስደው አስገብተው እውነተኛውን ሰማያዊ አግኝተዋል፤ እሱ ግን የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። ለምርቃቱ የተቀባውንም ይግዙት፣ ያምራል። ውሃው ውስጥ ቀለም ስለሚለቅ ነጭ ጨርቅ ላይ ብቻ አያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ የሆርቲካልቸር ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ሮዝ ክሪሳንተመም መርጬ፣ የአንዱን ፖት ብናኝ ወደ ሌላው ፖት እየወሰድኩ ለማዳቀል ብዙ ሞክሬ አንድም ዘር አላገኘሁም። ሁሉም ጤነኛ ናቸው። ምን አጠፋሁ?
ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ እጅሽ ላይ ምንም ጥፋት የለም። ችግሩ ተክሎችሽ ሁሉ አንድ ተክል መሆናቸው ነው። በካቲንግ የተራቡ ስለሆነ ፖቱ ቢበዛም ውስጣቸው ያው አንድ ነው፣ ክሪሳንተመም ደግሞ የራሱን ብናኝ አይቀበልም። ኑግን አስቢው፤ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። ኑግም ከሌላ ተክል ብናኝ ካልመጣለት በቅጡ ዘር አይዝም፣ ለዚህ ነው ንብ የሚፈልገው። ስለዚህ ሌላ ዝርያ አምጪ፣ ለምሳሌ ነጭ ወይም ነሐስማ፤ እሱን አባት አድርጊው።

አንድ የምንለው የክሪሳንተመም አበባ የብዙ ትንንሽ አበቦች ጉባኤ ነው፣ አደይ አበባም እንደዚያው። ዳር ዳር ያሉት ረዣዥሞቹ ሴት ብቻ ናቸው፣ ብናኝ የላቸውም። መሃል ያሉት ትንንሾቹ ግን ሁለቱም አላቸው። እናት በምታደርጊው ላይ የዳሮቹን መልካበባ በመቀስ አሳጥሪው፤ ያኔ ውስጡ የተደበቀው መንታ ጫፍ ይታያል። ጫፉ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ጎን ሲታጠፍ ብናኝ ለመቀበል ደርሷል። የአባቱን ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ አስነኪው፣ በወረቀት ከረጢት ሸፍኚው። አበቦቹ ከዳር ወደ መሃል በየቀኑ ስለሚከፈቱ በማግስቱም ድገሚው፣ በሦስተኛውም ቀን። በጣም ድርብርብ የሆነ አበባ መሃሉ ብናኝ አይኖረውም፤ ለአባትነት አትምረጪው። ዘሩ ለመድረስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፣ እስከዚያ የአበባው ራስ እርጥበት አያግኘው፣ ይሻግታል።

ችግኞቹ ሲበቅሉ እኛ አገር አንድ ፈተና አለ። ክሪሳንተመም የሚያብበው ቀኑ ሲያጥር ነው፣ የእኛ ቀን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ችግኙ ገና ጥቂት ቅጠል ይዞ እምቡጥ ያወጣል። እንዲያድግ ሌሊቱን ስበሪው። አበባ እርሻዎች ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት መብራት የሚያበሩት ለዚህ ነው። ተክሉ ሲጠነክር መብራቱን አጥፊ፣ ወደ አበባ ይዞራል።

ከአንድ ራስ የወጡ ዘሮች ወንድማማች ቢሆኑም አይመሳሰሉም። የክሪሳንተመም ክሮሞዞም 54 ነው፣ ስድስት እጥፍ፤ የእናትና የአባቱ ባሕርይ በብዙ መንገድ ይደባለቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን ችግኝ ቁጥር ስጪው፣ መለያው ላይ እናቱን አስቀድመሽ አባቱን አስከትለሽ ጻፊ። ከአበባው በፊት ግን የቅጠሉን ሥር ገልብጠሽ እዪ። ነጣ ያለ ወይም ሮዝማ እባጭ ካለው ነጭ ዋግ ነው፤ የቱንም ያህል የሚያምር አበባ ይዞ ቢመጣ ያን ችግኝ ነቅለሽ አቃጥዪው።