ማንቲስ ሜዳ ላይ ፈልጌ ለምን አጣሁ? (መልስ)

ሣር መሃል መመላለሱን ተውና አበባ ያወጣ ቁጥቋጦ ፊት ቁም። ማንቲስ ሌሎች ነፍሳትን የሚበላ ነፍሳት ነው፤ አድፍጦ ነው የሚያድነው፤ ንብና ዝንብ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሳይነቃነቅ ይጠብቃል። ሁለት ሰዓት ሜዳውን አስሰህ አንድም ያላየኸው ለዚህ ነው፦ እየተራመድክ ስታልፍ ከቅጠሉ አትለየውም።

የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ በተለይ ዝናቡ አብቅቶ አበባው ሲበዛ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ። አንዱን ቁጥቋጦ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሳትነካ ተመልከት። ቀለም ሳይሆን ቅርጽ ፈልግ፦ ባለ ሦስት ማዕዘን ራስ፣ አንገት የሚመስል ረጅም ደረት፣ የታጠፉ የፊት እግሮች። ብዙ ጊዜ ከአበባው ሥር ተዘቅዝቆ ነው የሚንጠለጠለው። ቅጠል ላይ የወዳደቀ የንብ ክንፍ ካየህ በላዩ ያለውን ቅርንጫፍ ደህና አድርገህ እይ፤ ሲበላ ክንፉን ይጥላል።

በዓይን ካልተገኘ፦

1. ነጭ ጨርቅ ወይም የተገለበጠ ጃንጥላ ከቅርንጫፉ ሥር ያዝ።
2. ቅርንጫፉን በዱላ 3 ወይም 4 ጊዜ ምታ። ቀስ ብለህ ከነካካኸው ጥብቅ ብሎ ይይዛል፣ አይወድቅም።
3. ጨርቁን ቶሎ አታራግፍ። ክንፍ ያላወጡት ትንንሾቹ ጉንዳን ስለሚመስሉ ያመልጡሃል።

ማታ ደግሞ የውጭ መብራት ያለበትን ግድግዳ እይ፤ ክንፍ ያላቸው ወንዶቹ ወደ ብርሃን ይመጣሉ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ግንድ ላይ የደረቀ አረፋ የመሰለ ቡናማ ጉብታ ብታገኝ የእንቁላሉ ከረጢት ነውና ቤት አታስገባው። ሙቀት ሲያገኝ ያለ ጊዜው ይፈለፈላል፤ በአንድ ጊዜ በርካታ ግልገሎች ወጥተው ምግብ ሲያጡ እርስ በርስ ይበላላሉ።