መጠይቁ ይቆይ፤ መጀመሪያ ቢጋሩ

«የአስተዳደር ተማሪዎች ነን፤ በአንድ ሴሚስተር የአንድ ጤና ጣቢያን አገልግሎት ከኅብረተሰቡ ጋር ገምግመን ምክር እንድንሰጥ ታዘናል። መጠይቅ ከማዘጋጀት እንጀምር?» ብላችሁ ለጠየቃችሁት፦ መጠይቁ ይቆይ። መጀመሪያ ከጤና ጣቢያው ቦርድና ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር የአንድ ገጽ ቢጋር፣ ማለትም የሥራውን ዓላማና ወሰን የሚገልጽ ስምምነት፣ ተፈራረሙ። ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን። «የአገልግሎት ጥራትን ማሻሻል» ብላችሁ ከጀመራችሁ አታልቁትም፤ «የታዘዘ መድኃኒት ከጤና ጣቢያው የማይገኘው ለምንድን ነው?» ግን ይመረመራል። ምክሩን ተቀብሎ የሚወስነው የትኛው ኃላፊ እንደሆነም እዚያው ይስፈር።

የበጀትና የመድኃኒት አቅርቦት ሰነድ በደብዳቤ የምትጠይቁት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለመረጃ ጥያቄ ምላሽ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ስለሆነ፣ ዘግይታችሁ ከጠየቃችሁ ሴሚስተሩ ያልቅባችኋል።

ለግምገማው የማኅበረሰብ ነጥብ መስጫ ካርድ፣ ብዙዎች ስኮርካርድ የሚሉት፣ ይበቃችኋል። ሴቶችን፣ ወጣቶችንና አካል ጉዳተኞችን ለየብቻ ከ8 እስከ 12 ሆነው አወያዩ። አራት ወይም አምስት መመዘኛ ያውጡ፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጡ። ከነጥቡ ጎን ምክንያቱ ካልተጻፈ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ሥራው በብዛት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፤ ተሳታፊውን ቀበሌው ከመረጠው፣ ወይም የቀበሌው ኃላፊ አብሮ ከተቀመጠ፣ ሁሉም 5 ይሆናል። ስለዚህ ሰው በእድር፣ በገበያና በውኃ መቅጃ በኩል ፈልጉ፤ ኃላፊውንም ውይይቱ እስኪያልቅ ውጭ እንዲቆይ በአክብሮት ለምኑት።

ባለሙያዎቹም በዚያው መመዘኛ ራሳቸውን ለብቻ ይመዝኑ። አስቀድማችሁ ካላስረዳችኋቸው እንደ ክስ ያዩታል። በመድኃኒት ጉዳይ የሁለቱ ወገን ነጥብ እኩል ዝቅ ካለ ችግሩ ከነርሷ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ጤና ጣቢያው፣ ወረዳውና ከወረዳ በላይ ያለው አካል የሚፈቱትን ለዩ።

ከዚያ ሁለቱን ወገኖች ፊት ለፊት አገናኙ፤ የምክር ቤት አባሉንም ጥሩ። እናንተ መድረኩን ትመራላችሁ እንጂ አትፈርዱም። ነዋሪው ራሱ ጠይቆ ኃላፊው ራሱ ሲመልስ ነው ተጠያቂነት የሚለመደው፤ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላም የሚቀጥለው ያ ብቻ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር መድረኩ ከሚያዝያ አይለፍ፤ በሰኔ የተጠረዘ ሪፖርት፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ በጀቱ ከተደለደለ በኋላ ይደርሳል።

ከመድረኩ ከሦስት እስከ አምስት ውሳኔ ይበቃል፦ ምን፣ በማን፣ እስከ መቼ። በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ለጥፉት፤ ቅጂውንም ለእድሩ ጸሐፊ ስጡ።